ካርድዎ ላይ «ክሮኒክ» የሚል ቃል ካዩ፦ የማንበቢያና የመጻፊያ መመሪያ

ጅማ ውስጥ ፎቶኮፒ በማነሣበትና ማመልከቻ በምጽፍበት ሱቅ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ይልቅ በጣት የሚጠቆምልኝ «ክሮኒክ» ነው። አንዱ ከሪፈር ወረቀት ላይ ያሳየኛል፣ ሌላው ከምርመራ ውጤት፣ ሌላው ለእናቱ ከተሰጠ የሐኪም ማስረጃ ላይ። ጥያቄው ግን አይለወጥም፦ «አይድንም ማለት ነው?»

አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ስለ ጊዜ ብቻ ነው። ሕመሙ ቆይቷል፣ ወይም በጠባዩ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው ማለት ነው። ስለ ክብደቱ፣ ስለ መዳኑ፣ ከሰው ወደ ሰው ስለ መተላለፉ ምንም አይልም። እነዚያን ለማወቅ ከቃሉ ዙሪያ ያለውን ማንበብና ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብ ያስፈልጋል። መመሪያው የተዘጋጀው ለዚህ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሰው ወረቀት የማነብ ሰው ነኝ። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ወረቀቱን ለመረዳትና ቃሉን በራስዎ ጽሑፍ ውስጥ በቦታው ለማዋል ይጠቅማል እንጂ ሕክምናን አይተካም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቃሉ ያለበት ወረቀት ራሱ። ካርዱ ሆስፒታል የሚቀር ከሆነ ጠይቀው በስልክ ያነሡት ጥርት ያለ ፎቶ ይበቃል።
- ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ።
- አሁን የሚወሰዱት መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው። ኪኒኑን በፌስታል ብቻ ቋጥረው አይምጡ፤ ስሙና መጠኑ ያለው ማሸጊያው ላይ ነው።
- የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን የያዘ የቀን መቁጠሪያ።
- ታማሚው ራሱ፣ ወይም ሕመሙ ሲጀምር አብሮት የነበረ ሰው። «ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እነሱ ዘንድ ነው።
- የፕላስቲክ ክላሰር። የጅማ ዝናብ ወቅት አይመርጥም። እስክሪብቶው በውኃ የፈሰሰ የቀጠሮ ወረቀት እኔም ሆንኩ የካርድ ክፍል ሠራተኛ አናነበውም።

ደረጃ 1፦ ቃሉን በትክክል ይለዩ

ቃሉ በእንግሊዝኛ የሚጀምረው «ሲ» እና «ኤች» በሚባሉት ፊደላት ቢሆንም ሁለቱ አንድ ላይ የሚነበቡት «ክ» ተብለው ነው። «ቸሮኒክ» ብለው ቢጠይቁ የሚረዳዎት ሰው ላያገኙ ይችላሉ። በእጅ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ መሐሉ ተጨፍልቆ መጀመሪያውና መጨረሻው ብቻ ይታያል፤ መጨረሻው እንደገና «ሲ» ነው።

ይህን ደረጃ ችላ የማይሉበት ምክንያት አለ። «ክሮንስ» የሚባል የአንጀት በሽታ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከአንድ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን ከ«ክሮኒክ» ጋር በቃልነት ምንም ዝምድና የለውም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ስለ ሌላ ሰው በሽታ ሲያነብና ሲጨነቅ ያድራል።

ደረጃ 2፦ ከቃሉ ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ

ክሮኒክ ቅጽል ነው፤ ለብቻው የበሽታ ስም አይሆንም። «ምን ሆኑ?» ሲባሉ «ክሮኒክ አለብኝ» የሚሉ አሉ። ይህ «ረጅም አለኝ» ከማለት አይለይም፤ ረጅም ምን? መልሱ የሚቀጥለው ቃል ውስጥ ነው።

«ክሮኒክ ጋስትራይተስ» የቆየ የጨጓራ ብግነት ነው። ብዙውን ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በምትባል ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን እሷ ከተገኘች በተወሰነ ጊዜ የመድኃኒት ኮርስ ትታከማለች። «ክሮኒክ ኪድኒ ዲዚዝ» ደግሞ የቆየ የኩላሊት ሕመም ነው፤ በአብዛኛው ወደ ኋላ አይመለስም፣ ነገር ግን ግፊትና ስኳርን በመቆጣጠር ፍጥነቱን መግታት ይቻላል። የሁለቱም ወረቀት ላይ ያው አንድ ቃል ተጽፏል፤ የሁለቱ ሰዎች መንገድ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ይገልብጡ፤ አንዱን ብቻ ይዘው አይሂዱ።

አንድ ለየት ያለ ቦታ አለ። ሐኪሙ የታማሚውን ልማድ በሚመዘግብበት ክፍል ውስጥ «ክሮኒክ» ከሲጋራ፣ ከአልኮል ወይም ከጫት ጋር ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ለረጅም ዓመታት ሲያጨስ፣ ሲጠጣ ወይም ሲቅም የኖረ ማለት ነው። አባታቸው በዚህ ስም የሚጠራ በሽታ የተገኘባቸው መስሏቸው የተደናገጡ ልጆች አጋጥመውኛል። አዛውንቱ ግን ሲጠየቁ እውነቱን ከመናገር በቀር ያደረጉት ነገር አልነበረም።

ደረጃ 3፦ «ስንት ጊዜ ሲቆይ ነው?» ብለው ይጠይቁ

ለሁሉም ሕመም የሚሠራ አንድ መስፈሪያ የለም። በሕክምናው ዘንድ የተለመዱት ልኮች እነዚህ ናቸው፦

- የሚሰማ ሥቃይ ወይም ቁርጥማት፦ ከ3 ወር በላይ
- የኩላሊት ሕመም፦ 3 ወርና ከዚያ በላይ
- ሄፓታይተስ ቢ፦ ቫይረሱ ከ6 ወር በላይ ደም ውስጥ ሲገኝ
- የአዋቂ ሰው ሳል፦ ከ8 ሳምንት በላይ
- ተቅማጥ፦ 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ
- ማይግሬን፦ ከ3 ወር በላይ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስ ምታት ሲኖር
- በእርግዝና ጊዜ የሚታይ ደም ግፊት፦ ከእርግዝናው በፊት ወይም 20 ሳምንት ሳይሞላ የታወቀ ከሆነ

ልኮቹ ለምን ተለያዩ? ሰውነት ከያንዳንዱ ጉዳት ለማገገም የሚፈጅበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። ሄፓታይተስ ቢን ይውሰዱ። በጉልምስና ዕድሜው የተያዘ ጤናማ ሰው ብዙውን ጊዜ ቫይረሱን በራሱ አቅም ያስወግደዋል፤ ለዚህ ስድስት ወር ይታገሡታል። በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነቱ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10 ሕፃናት ዘጠኙ ያህል ቫይረሱን ይዘው ይቀራሉ። በኩላሊትም እንዲሁ ነው። በከባድ ተቅማጥ ውኃ ያለቀበት ሰው የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤቱ ከፍ ብሎ ሊገኝና ፈሳሽ ሲተካለት በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ያንን የመጀመሪያ ውጤት ይዞ «ኩላሊቴ ሞተ» ብሎ ማልቀስ ከመጠን ያለፈ ችኮላ ነው። በሦስት ወር ልዩነት የተደገመ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ቁጥሮች የበሽታ ስም መስጫ እንጂ የመታገሻ ቀነ ገደብ አይደሉም። «ሳሌ ገና ስምንት ሳምንት አልሞላውም» ብለው እቤት አይቀመጡ። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለቲቢ መመርመር አለበት፤ ምርመራውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል።

ደረጃ 4፦ ከጎረቤቶቹ ይለዩት

ክሮኒክ ብቻውን አይመጣም። አጠገቡ ወይም በሌላ መስመር ላይ የሚያገኟቸው ቃላት አሉ፤ ስሕተቱ የሚበዛውም እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ያንብቡት።

«አኪዩት» የክሮኒክ ተቃራኒ ነው፤ በድንገት የጀመረ፣ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚቆጠር። ብዙ ሰው ክሮኒክን «ከባዱ»፣ አኪዩትን «ቀላሉ» አድርጎ ይወስደዋል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ድንገተኛ የልብ ድካም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ የቆየ የአለርጂ ንፍጥ ግን ሰውን እያናደደው ሠላሳ ዓመት ይኖራል።

ልዩነቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በሕፃናት ምግብ እጥረት ላይ ነው። «ክሮኒክ ማልኑትሪሽን» ማለት መቀንጨር ነው፤ ልጁ ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ባለማግኘቱ ቁመቱ ለዕድሜው አጥሯል። «አኪዩት ማልኑትሪሽን» ደግሞ መክሳት ነው፤ በቅርብ ጊዜ ውስጥ ሥጋው አልቋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ መሐል ዙሪያ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በከባድ ደረጃ ላይ ያለ አኪዩት ነው፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ወረቀቱ ላይ «አኪዩት» አይተው «እንኳን ክሮኒክ አልሆነ» ብለው ወደ ቤት ቢመለሱ ልጁን ሊያጡት ይችላሉ።

«ሲቪር» የክብደት ቃል ነው። አንድ ሕመም ክሮኒክ ሆኖ ቀላል፣ አኪዩት ሆኖ ከባድ ሊሆን ይችላል። ከባድነትን ሲፈልጉ ይህን ቃል ይፈልጉ።

«ሪከረንት» የሚመላለስ ነው። ሄዶ፣ መሐል ላይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ ተመልሶ የሚመጣ። በዓመት ሦስት ጊዜ ቶንሲል የሚያመው ልጅ ሪከረንት ነው፤ ጆሮው ወራት ሙሉ መግል ሲያወጣ የከረመው ክሮኒክ ነው።

«ኢንድ ስቴጅ» የመጨረሻ ደረጃ ማለት ነው። ሰዎች ክሮኒክን ሲያዩ የሚፈሩት በእውነቱ ይህንን ነው። ቃሉ ወረቀቱ ላይ ከሌለ በራስዎ አይጨምሩበት።

«አኪዩት ኦን ክሮኒክ» ሁለቱ ተቃራኒዎች በአንድ መስመር ስለሚገኙ ጸሐፊው የተሳሳተ ይመስላል፤ አልተሳሳተም። በቆየ ሕመም ላይ አዲስ ድንገተኛ መባባስ ተጨምሯል ማለት ነው። የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ለወገቡ በራሱ ፈቃድ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሰንብቶ ሽንቱ ድንገት ቢቀንስ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍለት ይችላል። ይህን ሐረግ ያየ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም።

ስለ መተላለፍም አንድ ነገር ልጨምር። «ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ከክሮኒክ ጋር ስለሚነሣ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ስኳርና ደም ግፊት ክሮኒክ ናቸው፣ አይተላለፉም። ኤችአይቪና የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ክሮኒክ ናቸው፣ ይተላለፋሉ። «ክሮኒክ ስለሆነ ለቤተሰብ አያሰጋም» ብሎ መዝናናት ሚስትንና ልጅን ሳያስመረምሩ መቅረት ነው። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ያልተያዘው የቤተሰብ አባል ሊጠበቅበት ይችላል።

ደረጃ 5፦ በ«ሲ» ፊደል የሚጀምሩ አሕጽሮቶችን ይፍቱ

ሐኪሞች ሙሉ ቃል ለመጻፍ ጊዜ የላቸውም። ክሮኒክ ብዙ ጊዜ ወደ አንዲት «ሲ» ፊደል ይጠቀለላል፦

- ሲኬዲ፦ የቆየ የኩላሊት ሕመም
- ሲኤልዲ፦ የቆየ የጉበት ሕመም
- ሲኦፒዲ፦ የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄድ የቆየ የሳንባ ሕመም
- ሲኤስኦኤም፦ መግል የሚያወጣ የቆየ የመሐል ጆሮ ሕመም
- ሲአርኤችዲ፦ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የመጣ የቆየ የልብ ቫልቭ ሕመም

የመጨረሻው በእኛ አገር በወጣቶች ላይ ብዙ ይታያል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የተበላሸውን ቫልቭ አያድንም፤ የጉሮሮው ኢንፌክሽን ተመልሶ ቫልቩን ይበልጥ እንዳይጎዳው ይከላከላል። «መርፌው አላዳነኝም» ብለው የሚያቆሙት ይህን ሳይነገራቸው የቀሩ ናቸው።

አሁን ወጥመዱ። «ሲ» ሁሉ ክሮኒክ አይደለም። «ሲቢሲ» የደም ሕዋሳት ቆጠራ ምርመራ ነው፤ ማንም ሰው ይታዘዝለታል። «ሲኤስኤፍ» የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ ነው። «ሲኤችኤፍ» የልብ መድከም ነው፤ የፊተኛዋ ሲ ግን የቆመችው ፈሳሽ መከማቸትን ለሚገልጽ ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ ፊደል ቆጥረው ከመደምደምዎ በፊት ሙሉ ስሙን እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። አያፍሩ፤ ነርሷም ፋርማሲስቱም በአንድ ደቂቃ ይጽፉልዎታል።

ደረጃ 6፦ ሐኪሙ ፊት የሚቀርቡትን ጥያቄዎች ይጻፉ

ወረፋው ረጅም፣ ከሐኪሙ ጋር ያለው ጊዜ አጭር ነው። ጥያቄዎቹን አስቀድመው በደብተርዎ ያስፍሩ፦

ሀ) የቆየው የትኛው ክፍል ነው? በየትኛው ምርመራ ታወቀ?
ለ) የሚድን ነው ወይስ የሚቆጣጠሩት?
ሐ) ከመድኃኒቶቹ የትኛው ለተወሰነ ጊዜ፣ የትኛው ያለማቋረጥ ነው?
መ) ልንደርስበት የሚገባው ቁጥር ስንት ነው? ለምሳሌ ግፊቱ፣ ስኳሩ።
ሠ) ምን ምልክት ባይ ሳልቀጠር ልምጣ?

ከአምስቱ አንዱን ብቻ መጠየቅ ከቻሉ «ሐ»ን ይጠይቁ። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በቃሉ ሳይሆን መድኃኒት በማቋረጥ ነው። የደም ግፊት ኪኒን ሲወስዱ ቁጥሩ ይወርዳል፤ የወረደው ኪኒኑ ስላለ ነው፣ በሽታው ስለሄደ አይደለም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ደግሞ በድንገት ሲቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል።

ከገጠር የመጣ ዘመድዎን ወደ አፋን ኦሮሞ እያስተረጎሙ ከሆነ፣ ከሰቃም ይምጣ ከዴዶ፣ ሐኪሙ ያለውን ብቻ ያስተላልፉ። «ቆይቷል» የተባለውን «አይድንም» አድርጎ መተርጎም ለአስተርጓሚው ቀላል ነው፤ ሰሚው ግን በዚያ ቀን ተስፋውን ቆርጦ መሬቱን ሊሸጥ ይወጣል።

የሚጾም ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው። ስኳር ያለበት ሰው ረመዳንን ሊጾም ካሰበ ከወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት መስተካከል አለበት፣ ለአንዳንዱም ጾሙ ጨርሶ አይመከርም። እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾም ክርስቲያንም በዚያው ይጠይቅ።

ደረጃ 7፦ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ያዘጋጁ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ተማሪ ሐኪሙ፣ ከእሱ በኋላ ሌላው፣ ከዚያም ከፍተኛው ሐኪም በየተራ «ከመቼ ጀምሮ?» ይሏችኋል። ሦስት የተለያየ መልስ ከሰጡ ካርዱ ላይ ሦስት የተለያየ ታሪክ ይጻፋል። አንድ ገጽ ጽፈው ክላሰሩ ፊት ላይ ያድርጉ። እንዲህ፦

ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፦ …
ሕመም፦ ደም ግፊት
መጀመሪያ የታወቀው፦ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017)
መድኃኒት፦ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ
የማይስማማ መድኃኒት፦ …
የመጨረሻ ልኬት፦ 150 በ90፣ ቀኑ …
ሌላ የሚወሰድ ነገር፦ …

ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር የምጽፈው ለማሳመር አይደለም። «ከ2010 ጀምሮ» ብለው ቢናገሩና ሐኪሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ቢመዘግበው በሕመምዎ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተጨመረበት ማለት ነው። ቃሉ የጊዜ ቃል ነው፤ ጊዜው ከተሳሳተ ሐኪሙ ዓይንዎና ኩላሊትዎ ላይ ደርሶ ሊሆን ስለሚችለው ጉዳት የሚያስበው ሁሉ ይሳሳታል። ለቀጠሮም ያው ነው። «10/3» ብቻ የተጻፈ ቀጠሮ ኅዳር 10 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ማርች 10፣ ማለትም መጋቢት 1? ከክፍሉ ሳይወጡ የወሩን ስም በፊደል ያስጽፉ። ሰዓቱም «2» ከሆነ የጠዋቱ ሁለት መሆኑን ያረጋግጡ።

«ሌላ የሚወሰድ ነገር» የሚለው መስመር ባዶ እንዳይቀር። ዳማከሴ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ከሱቅ የተገዛ የሕመም ማስታገሻ፣ ጫት ሁሉም እዚያ ይገባሉ። ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግፊትን ይጨምራሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መድኃኒቱ የማይሠራ መስሎት መጠኑን ይጨምራል።

ልኬቱን ራስዎ የሚከታተሉ ከሆነ፦ ከመለካትዎ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ አይቃሙ፣ አያጭሱ፤ አምስት ደቂቃ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ይቀመጡ። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዉ ማለት ከንቱ ምክር ነው። ከአቦል በፊት ይለኩ፤ ከዚያ በረካው ድረስ ይቀመጡ።

ደረጃ 8፦ ቃሉን በራስዎ ጽሑፍ ውስጥ ሲጠቀሙ

ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ማመልከቻ ላይ «ክሮኒክ በሽታ ስላለብኝ» ብቻ ብለው አይጻፉ። የሚያነበው ኃላፊ ከዚህ ምን ያህል ፈቃድ እንደሚያስፈልግዎ ሊያውቅ አይችልም፤ ፍርሃት ብቻ ይቀርለታል። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «በደም ግፊት ሕመም ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕክምና ክትትል ላይ ስለምገኝና በየወሩ ለአንድ ቀን ቀጠሮ ስለሚኖረኝ፣ የቀጠሮ ወረቀቴን አያይዤ ለዕለቱ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» የበሽታውን ስም መግለጽ ካልፈለጉ «የረጅም ጊዜ ክትትል የሚያስፈልገው ሕመም» ይበሉና የሐኪሙን ማስረጃ ያያይዙ። ማስረጃው ላይ የሌለውን ቃል በራስዎ አይጨምሩ።

በአማርኛ ስንጽፍ «ሥር የሰደደ» የሚለው ለችግር ይስማማዋል፤ ሥር የሰደደ ድህነት፣ ሥር የሰደደ የውኃ እጥረት። ለታመመ ሰው ግን «ለረጅም ጊዜ የቆየ» ማለት ይቀላል፤ የመጀመሪያው ጆሮ ላይ «ከእጅ ወጥቷል» ይመስላልና። «ለረጅም ጊዜ የቆየ ክሮኒክ በሽታ» አይባልም፤ አንዱን ይምረጡ።

በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ደንቡ ቀላል ነው። ቃሉ ከስሙ በፊት ይቀመጣል፦ «ክሮኒክ ፔይን»፣ «ክሮኒክ ኢልነስ»፣ «ክሮኒክ ሾርቴጅ»። ተውሳከ ግስ ሲሆን «ክሮኒካሊ» ይባላል፤ ተማሪዎች መጨረሻ ላይ «ኤል፣ ዋይ» ብቻ ይጨምራሉ፣ የሚጨመሩት ግን አራት ፊደላት ናቸው፦ «ኤ፣ ኤል፣ ኤል፣ ዋይ»። ከሕክምና ውጪም ለመጥፎና ለማይለቅ ነገር ይውላል፤ ለሥራ አጥነት፣ ለመብራት መቆራረጥ፣ ከትምህርት ቤት ለመቅረት። ለደስታ፣ ለጓደኝነት፣ ለሰላም አይውልም። የቆየ ወዳጅነትዎን «ክሮኒክ» ብለው ቢጽፉ አንባቢው በሽታ ነው ያሉ ይመስለዋል።

በልማት ሪፖርቶች ላይ ቃሉ እንደገና በጊዜ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ክሮኒክ የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ የሚለው በሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ በዓመት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ምግብ የጎደለበትን ነው። አንድ ክረምት በረዶ ሰብሉን የመታበት ገበሬ በዚህ ሚዛን ክሮኒክ አይባልም። ለቀበሌ የሚቀርብ ጥያቄ ሲጽፉ ችግሩ ያለፈውን ዓመት ብቻ ነው ወይስ ዓመታት ያስቆጠረ ነው የሚለውን በዓመት ለይተው ይግለጹ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

- ቃሉን በስልክ ላይ ለብቻው መፈለግ። ቀጥሎ ያለውን የበሽታ ስም ሳይጨምሩ ከፈለጉት የሚመጣልዎ የማንም በሽታ ነው።
- ክሮኒክ ስለተባለ ሌላ መመርመር መተው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ወባም ታይፎይድም ይይዘዋል፤ አዲስ ትኩሳት አዲስ ምርመራ ይፈልጋል።
- የጎረቤትን መድኃኒት መዋስ። «እሱም ክሮኒክ ነው» በቂ ምክንያት አይደለም።
- ኢንሱሊንን ማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀመጣል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል።
- መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ወደ ፋርማሲ መሄድ። ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድመው ይሂዱ፤ ያለቀበት ጊዜ ሊያጋጥም ስለሚችል።
- የጤና መድን መታወቂያን ሳያሳድሱ መቅረት። ለአንድ ጊዜ ሕመም ኪስ ይችለው ይሆናል፤ በየወሩ ለሚገዛ መድኃኒት ግን አይችለውም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ክትትል ላይ ያለ ሰው የደረት መጨምደድ፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መንተባተብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ራስን መሳት ከታየበት ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስኳር ያለበት ሰው ላብ አጥምቆት ከተንቀጠቀጠና ከተደናገረ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ለስላሳ መጠጥ በመንገድ ላይ ይስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይስጡ። ክላሰሩን ይዘው ይሂዱ።